በስምንተኛው ፎቶ ላይ ያለችው ነጥብ

ነጥቧን ያየኋት ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ፣ ሰውም አዳራሹን ከሞላ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው። ስምንተኛው ፎቶ ላይ፣ ከሐይቁ ማዶ ካለው ኮረብታ አናት፣ የምስር ፍሬ የማታህል ቢጫ ነጥብ አለች። ከበላይዋ ሰማዩ በከዋክብት ታጭቋል። እነሱ ሁሉ ነጭ ናቸው፤ እሷ ብቻ ቢጫ። ለምን ቢጫ እንደሆነች በዚያ አዳራሽ ውስጥ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ወንድሜ። ባትሪውን በቢጫ ፌስታል የሸፈነው እሱ ነው። ባትሪውን ይዤ ኮረብታው ላይ የቆምኩት ደግሞ እኔ።

ደነገጥኩ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ልጄ ፎቶ አንሺ ናት። ሰው ይህን ሲሰማ ሠርግ ይመስለዋል። እኔም ምነው ሠርግ በሆነ ብዬ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ። ሠርግ ላይ ሰው አለ፣ መብራት አለ፣ ቢደክማት የምትቀመጥበት ወንበር አለ። የእሷ ሥራ ግን ተራራ፣ ሐይቅ፣ ገደልና ጨለማ ነው። ሰው ሲተኛ ትነሳለች፤ ተነስታም ሰማይ ታነሳለች። አንዲት ጎረቤታችን «ልጅሽ ምን ላይ ነው የምትሠራው?» ብትለኝ «ኮከብ ላይ» አልኳት። በማግሥቱ የወንድ ልጇንና የእጮኛውን ስም በወረቀት ጽፋ፣ «ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ በሞቴ ታይልኝ» ብላ መጣች። ልጄ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «የኔ ሌንስ እዚያ ድረስ አያይም በያት» አለችኝ።

ሌሊት ለሌሊት መዞሯ ሲያንገበግበኝ «ጉጉት» የሚል ስም አወጣሁላት። ወፏን ማለቴ ነበር። እሷ ግን ወደደችው። ከዓመቱ ሥራዋ ይበልጥ የምትወዳቸውን አሥራ ሁለት ፎቶዎች መርጣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት አዳራሽ ስታሳይ፣ በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «የጉጉት ዓመት» ብላ ለጠፈችበት። የሚያነበው ሁሉ «እንዴት ያለ ናፍቆት ነው!» እያለ ያልፋል። ስድብ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። እኔ ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው ነኝ። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ከበር ስትወጣ፣ ከመታጠፊያው ሳትደርስ በሐሳቤ ገደል ገብታለች። ሳህን አጥቤ ስጨርስ እባብ ነድፏታል። መብራት ሳጠፋ ውሃ ወስዷታል። ጠዋት ጫማዋ ጭቃ ሆኖ «እማዬ፣ የሚበላ አለ?» እያለች ስትገባ አራት ጊዜ ቀብሬያታለሁ።

በራችን እልኸኛ ነው። ቁልፉ ሁለቴ ካልዞረ አይዘጋም፤ ለሁለተኛው ዙር ደግሞ በሩን ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ልጄ ውጪ ያደረች ዕለት ግን አንዴም አላዞረውም። ልጅ ውጪ እያለ በር መቆለፍ ሟርት ነው። ወንበር አምጥቼ በሩን በጀርባዬ ደግፌ እቀመጣለሁ። ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ እኔን መግፋት አለበት።

በዓመቱ የመጀመሪያ ወር ላይ ግን መቀመጡ አልሆነልኝም። ባትሪዬን ይዤ ከኋላዋ ሄድኩ። ካሜራዋን ባለሦስት እግሩ መቆሚያ ላይ ሰክታ፣ ትልቅ ቋጥኝ ከነሰማዩ እያነሳች ነበር። እኔ ፎቶ ቀጭ ሲል የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጨለማ ካሜራው ዐይኑን ሠላሳ ሴኮንድ ሙሉ ከፍቶ ነው የሚጠብቀው። በዚያ ሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ባትሪዬን እያወዛወዝኩ «ልጄ! ሹራብ ረስተሻል!» ብዬ በመሃል አለፍኩ። ፎቶው ላይ ሰው አልወጣም። ሕፃን በኖራ የሞነጫጨረው የሚመስል ነጭ መስመር ብቻ ቋጥኙን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦታል። ያንን ነው አንደኛ አድርጋ የሰቀለችው። መግለጫው «ሹራብ» ይላል።

ያን ሌሊት ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ ስሚኝ» አለች። «ከእንግዲህ አንድ ቀን ተከትለሽኝ ባገኝሽ፣ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ። በአባቴ አጥንት!»

በአባቷ አጥንት የማለችውን አታጥፍም። በሕይወት ሳለም ለእሱ የገባችውን ቃል አታጥፍም ነበር።

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ምንአለበት» ይለዋል። ፒካፕ መኪና ይነዳል፤ አሸዋም፣ ሶፋም፣ ሰውም ይጭናል። ፍሬኑ ሲላላ «ምን አለበት»፣ ጎማው ሲላጭ «ምን አለበት»። እናታችን የፍርሃቱን ድርሻ በሙሉ ለእኔ አውርሳ፣ ለእሱ ቅንጣት ሳታስቀርለት ነው የወለደችው። በስምንተኛው ወር ሄጄ አለቀስኩበት። «ሐይቅ ዳር ልታድር ነው። ብቻዋን! የውሃ ዳር ጭቃ ከድቷት ብትገባ ማን ይሰማታል?» አልኩት። እሱም እንደ ልማዱ ምን አለበት ብሎ ሞተሩን አስነሳ። በማዶ በኩል ዞረን ኮረብታው ላይ ወጣን። «ነጭ መብራት ሥዕሉን ይገድልባታል» ብሎ ባትሪዬን በቢጫ ፌስታል ጠቀለለልኝ፤ ከሩቅ ቤት ይመስላል አለ። እሱ መኪናው ውስጥ ተኛ። እኔ ቆምኩ። እሷ እኔን አላየችኝም፤ እኔም እሷን አላየኋት። ብቻ ያለችበትን አቅጣጫ አውቅ ነበር፣ ይበቃኝ ነበር።

እና ያ ሌሊት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየኛል።

መግለጫዎቹን በእጅ ጽሑፌ የጻፍኳቸው እኔው ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ብላ ዝርዝሩን ሰጥታኝ ነበር። ፎቶዎቹን ሳላይ ነው የጻፍኩት። ስምንተኛው ላይ «ሐይቁና ያልታወቀ ብርሃን» የሚለውን ስጽፍ አንድ ኮከብ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? የእኔ ሆድ ግን ያን ቀን ምንም አላወቀም።

ከፎቶው ፊት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ቆመው፣ በዱላቸው ጫፍ ነጥቧን እየጠቆሙ ለአንድ ተማሪ ያስረዳሉ።

«ይህች የንጋት ኮከብ ናት። አድማስ ላይ ስትሆን ቢጫ ትመስላለች።»

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ግን ከምሽቱ አምስት ሰዓት የተነሳ ነው ይላል።»

«ቢልስ! ቀድማ ወጥታ ይሆናላ!»

እሳቸው እንዳሉት ቢቀር እንዴት በተገላገልኩ ነበር። «እንዴት ያለ እውቀት ነው!» ብዬ ላግዛቸው አፌን ስከፍት ልጄ መጣች። አብራት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስለ እሷ ነበር የምታወራው። የማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ ናት። ስለ ምድርና ሰማይ ትልቅ መጽሐፍ ሊያወጡ ነው። ለአንድ ዓመት እየዞረ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋሉ። ልጄ ይህን የመሰለ ሥራ ስትጠብቅ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሴትዮዋ ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ አላት፤ ያልነበረ ነገር የጨመረ ወይም የነበረ ነገር ያጠፋ ሰው አትቀጥርም።

«ከአሥራ ሁለቱ የትኛውን ትወጃለሽ?» አለቻት።

«ይህችን» አለች ልጄ፣ ስምንተኛውን እያሳየች። «በዚህች ብርሃን ምክንያት። እውነቱን ልንገርዎትና ያን ቀን ፈርቼ ነበር። ዕቃዬን ሰብስቤ ልመለስ ስል ማዶ መብራት አየሁ። ጥበቃ አለ፣ ሰው አለ ብዬ ቆየሁ።»

ፈርቼ ነበር አለች! ለእኔ ስንት ጊዜ ነው «ምንም አያስፈራም እማዬ» ያለችኝ?

ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ወደ ፎቶው ተጠጋች። ብዙ ቆየች።

«እዚያ ኮረብታ ላይ ጥበቃ የለም። ቤትም የለም። የአካባቢውን ካርታ ያተምነው እኛ ነን።»

«እኔ እንጃ። ግን ብርሃኑ ነበረ።»

«በኮምፒዩተር የገባ አይደለም?»

«በፍጹም! አንዲት ነገር አልጨመርኩም።»

«ጥሩ። እንግዲያው ካሜራው ያስቀረውን፣ ያልተነካውን ፋይል አሳዪኝ።»

ልጄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ያልተነካው ፋይል የካሜራዋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነበር። ሚሞሪው የሱሪዋ ኪስ ውስጥ ነበር። ሱሪውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ በሙቅ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሌሊት የተረፈችው ቀድማ አስተካክላ ያወጣቻት ይህችው አንዷ ናት።

«ጠፍቷል» አለች ልጄ። እናቴ አጠበችው አላለችም።

«ገባኝ» አለች ሴትዮዋ፣ መነጽሯን እያወለቀች። ያ «ገባኝ» እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ነገር ነበር።

ወንድሜ ከአጠገቤ ቆሞ በነጻ የሚታደለውን ውሃ ይጠጣል። ክንዱን ያዝኩት።

«ምን ላድርግ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ንገሪያታ፣ ምን አለበት?»

«ቤት ለቃ ትወጣለች!»

«ትውጣ። ዕቃዋን እኔ እጭንላታለሁ።»

ይህ ነው እንግዲህ ወንድም ማለት። ዐይኔን ጨፈንኩ። የምትከራየው ክፍል ታየኝ፤ መደገፊያ የሌለው ደረጃ፣ ጋዝ የሚያፈስ ምድጃ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳ አከራይ። እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ ቀበርኳት። ዐይኔን ስገልጥ ልጄ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ልጅ ሆና ያልሰበረችውን ብርጭቆ ሰበርሽ ሲሏት የምትቆመው እንደዚያ ነበር። ያን ጊዜም አታለቅስም ነበር። 

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ነጥቧ እኔ ነኝ!»

 መምህሩ ዱላቸውን ከፎቶው ላይ አነሱ። «እመቤቴ» አሉ በትህትና፣ «ይህች እኮ የንጋት ኮከብ ናት።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ባትሪዬ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ማን ያውቃል? ፌስታሉ እንደተጠቀለለበት ነበር። አበራሁት። ከኋላ አንድ ሰው የአዳራሹን መብራት አጠፋ። ወንድሜ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግድግዳው ላይ የወደቀው ብርሃን ከነጥቧ ጋር አንድ ዓይነት ቢጫ ነበር።

መብራቱ ሲበራ ሥራ አስኪያጇ ባትሪውን ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ማመን ፈልጌ ነበር» አለችኝ። «ግን ነጥቧ ጥርት ያለች ናት። የሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። ሠላሳ ሴኮንድ ሙሉ እንዴት አልተንቀሳቀሱም?»

«ከኋላዬ የሚያኝክ ነገር ነበር» አልኳት።

«የሚያኝክ?»

«ያኝካል። ደግሞ ይተነፍሳል። ከተንቀሳቀስኩ እኔን ነው የሚቀጥለው ብዬ ደረቅኩ። መተንፈስም ትቼ ነበር።»

«እና ምን ነበር?»

«አህያ» አለ ወንድሜ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሳይቀሩ በዱላቸው ተደግፈው ሳቁ። ሥራ አስኪያጇ ዐይኗን በመሐረብ ጠርጋ እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «እንግዲህ የጻፉትን ያርሙት» አለችኝ። «መጽሐፌ ውስጥ ውሸት አላስገባም።» ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ሰረዝኩና ከላይ ጻፍኩበት፤ «ሐይቁና የታወቀ ብርሃን»።

«ነገ በጠዋት ቢሮ ነይ» አለቻት ልጄን። «ብቻሽን።»

ልጄ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ግን ጥርሷን አላየሁትም።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ሦስታችንም ፒካፑ ፊት ተጨናንቀን ተቀምጠን ነበር። እሷ መሃል ሆና መንገዱን ብቻ ታያለች። ወንድሜ «ጥሩ ቀን ነበር» አለ። ደግሞ ዝናብ ጠፋ ምናምን አለ። እኔ ሻንጣዋን በልቤ እያሰርኩላት ነበር።

ቤት እንደገባን የአሥራ ሁለቱን ፎቶዎች ትንንሽ ቅጂዎች አውጥታ ወለሉ ላይ ደረደረችና ማጉያ መነጽሯን ይዛ ተንበረከከች።

«ስንት ጊዜ ነው?»

«አንዴ» አልኩ።

«አምስተኛው ላይ፣ እዚህ ጥግ ያለው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ስፖኪዮ አለው?»

ወንድሜ አጎንብሶ አየ። «አይ ሌንስ!» አለ። «የመኪናዬን መስታወት ስንጥቅ ሳይቀር አውጥቶታል።»

«አሥረኛው ላይስ?»

«እሱማ ዛፍ ነው። ምን ሆነሻል?»

«ዛፍ ሻርፕ ይለብሳል፣ እማዬ?»

 ሻርፑ አንገቴ ላይ ነበር።

«ሦስቴ» አለች። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበች። «በአባቴ አጥንት ነው የማልኩት። ታውቂያለሽ።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ነገር ወራት ሙሉ ይዤው ነበር፤ ለራሴ ሕሊና እንጂ ለፍርድ ቤት አስቤው አልነበረም።

«ምን ብለሽ ነው የማልሽው?» አልኳት።

«ተከትለሽኝ ባገኝሽ ብዬ።»

«አልተከተልኩሽማ!»

«እማዬ!»

«የምትሄጂበትን ማቀዝቀዣው ላይ ጽፈሽ ትለጥፊያለሽ። እኛ ገና ፀሐይ ሳትገባ እንወጣለን። አንቺ ስትደርሺ እኛ እዚያ ነን። መከተል ከኋላ ነው። እኔ ቀድሜሽ ነው የሄድኩት። አንድ ቀን እንኳ አልተከተልኩሽም። በአባትሽ አጥንት!»

ልጄ ማጉያ መነጽሯን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እውነቷን ነው» አለ ወንድሜ፣ ሶፋው ላይ እየተመቻቸ። «እንዲያውም ሕጉ ከታየ የተከተልሽን አንቺ ነሽ።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የተንቀጠቀጠው። አለቀሰች ብዬ ስሮጥ ለካ እየሳቀች ነው። ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ፎቶዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ ሳቀች። «ስንት ሰዓት ፈጅቶብሽ ነው ይህን ያሰብሽው?» አለችኝ።

«ሦስት ወር» አልኳት።

ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ስትመለስ ግን ቁም ነገሯ ተመልሷል። «እሺ። ቤት አልከራይም። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ መከተል የለም፤ መቅደምም የለም። ከጎንም የለም።»

«ከላይስ?» አለ ወንድሜ።

«አንተ ዝም በል አጎቴ።» ከቦርሳዋ ያላወቅኩት አዲስ ቁልፍ አወጣች። «የዚሁ በር ነው፤ ዛሬ ጠዋት ነው ያስቀረጽኩት። ሥራው ከተገኘ ዓመቱን ሙሉ ነው የምወጣው። ወንበሩ ላይ ዓመት አትቀመጪም። እኔ ስወጣ በሩን ትቆልፊያለሽ፣ አልጋሽ ላይ ትተኚያለሽ።»

«ሟርት ነው!»

«ሟርቱ ቁልፍ የሌለው ሰው ላይ ነው። እኔ አለኝ።»

 የእኔን ክርክር ከእኔው ነው የተማረችው።

ያን ማታ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ሰማይ ሲገኝ እሷን ማን ያስቀምጣታል? ከከተማው ዳር ያለውን የድንጋይ ድልድይ አነሳለሁ አለች። ማቀዝቀዣው ላይ ጻፈች። ወንድሜ አደርሳታለሁ ብሎ ቀድሟት ወጣ። በሩ ላይ ስትደርስ እጇን ዘረጋች።

«ባትሪሽን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ፌስታሉን ላወልቅ ስል «ተይው» አለችና እንዳለ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በሩን ዘጋሁ። ቁልፉን ያዝኩ። እጄ ያን ሌሊት ኮረብታው ላይ እንደሆነው ደረቀ። ድልድይ፤ የድልድይ ድንጋይ ይላላል፣ ከሥሩ ውሃ አለ፣ የወንድሜ ፍሬን ያንሸራትታል። አንዴ አዞርኩት። ቀጭ አለ። ለዛሬ ይበቃል ብዬ ወንበሬን ልጎትት ዞር አልኩ።

«አንድ ነው የሰማሁት» አለች ከውጪ።

አልሄደችም ነበር። በሩ ላይ ቆማ እያዳመጠች ነበር።

«ሹራብ ይዘሻል?» አልኳት በቁልፉ ቀዳዳ።

«እማዬ፣ ሁለተኛውን!»

«ይዘሻል ወይ አልኩሽ?»

«ይዣለሁ!»

በሩን ትንሽ ወደ ላይ አንስቼ፣ ቁልፉን ሁለተኛ አዞርኩት።